20 ዲግሪን ደብረ ብርሃን ላይ መያዝ፦ ስለ ላቦራቶሪያችን ሰርኩሌተር

ማቀዝቀዣ ያለው ሰርኩሌተር ለመግዛት ለሚያስብ ላቦራቶሪ ፍርዴን ላስቀድም። መሣሪያው ጥሩ ነው፣ ይግዛው። ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን ቅንብር ግን እንዳለ ተቀብሎ ሥራ እንዳይጀምር። ያ ቅንብር የተዘጋጀው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ላለ፣ ክፍሉ ቀኑን ሙሉ 20 ዲግሪ ለሚሆንና መብራት ለማይጠፋበት ላቦራቶሪ ነው። ደብረ ብርሃን ከሦስቱ አንዱንም አታሟላም። የአምራቹን ስም ያልጠራሁት ሆን ብዬ ነው፤ የምለው ነገር ከሞላ ጎደል በዚህ ዓይነት መሣሪያ ሁሉ ላይ ይሠራልና።

መሣሪያውን ለማያውቀው፦ የውሃ ገንዳ፣ ማሞቂያ፣ የማቀዝቀዣ ኮምፕሬሰርና ፓምፕ በአንድ ሳጥን ውስጥ ተሰናድተዋል። ገንዳው ውስጥ ያለውን ፈሳሽ በታዘዘው ሙቀት ላይ ያቆየዋል፤ በጎማ ወደ ሌላ መሣሪያ ይልከዋል፤ በሌላ ጎማ መልሶ ይቀበለዋል። የእኛው 12 ሊትር ይይዛል፣ የ2,000 ዋት ማሞቂያ አለው፣ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሲሆን ደግሞ 300 ዋት ያህል የማቀዝቀዝ አቅም አለው።

የምንሠራው ገብስና ብቅል መመርመር ነው። ከአንጎለላና ጠራ፣ ከባሶና ወራና፣ ከመንዝ የመጣ ገብስ በቅሎ፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ በሙቅ ውሃ ይበጠበጣል። ተጣርቶ የሚወጣው ጭማቂ ምን ያህል ወፍራም እንደሆነ የምንለካው በ20 ዲግሪ ላይ ነው። ጭማቂው ከወፈረ ገብሱ ሲበቅል ቤታ ግሉካን የሚባለው የሕዋስ ግድግዳ ክፍል በደንብ አልተፈረካከሰም ማለት ሊሆን ይችላል፤ ቢራ ፋብሪካ ውስጥም ማጣሪያውን ያንቀረፍፋል። መለኪያው ቀጭን የመስታወት ቱቦ ያለው ቪስኮሜትር ነው። በዙሪያው ከሰርኩሌተሩ የሚመጣ ውሃ ይዞራል፤ እኛ ደግሞ ጭማቂው ከላይኛው ምልክት እስከ ታችኛው ለመውረድ የፈጀበትን ሰከንድ እንቆጥራለን።

አሁን ሙቀቱ በጥቂቱ ቢዛነፍ ምን እንደሚሆን ይታይ። የውሃ ቪስኮሲቲ (የፈሳሽ ውፍረት ልክ) በ20 ዲግሪ 1.002 ሚሊፓስካል ሰከንድ ነው፤ በ21 ዲግሪ 0.978 ገደማ ይሆናል። በአንዲት ዲግሪ 2.4 በመቶ ያህል ልዩነት ማለት ነው። ከተቀባይነት ወሰኑ ጫፍ ላይ የቆመ ብቅል በዚህ ልዩነት ሊያልፍም ሊወድቅም ይችላል። ከጀርባው ዓመቱን ሙሉ የደከመ ገበሬ ስላለ ጉዳዩን አቅልዬ አላየውም።

መሣሪያው ከአዲስ አበባ በሰንዳፋ፣ በሸኖና በጫጫ አድርጎ መጣ። ኮምፕሬሰር ያለው ዕቃ ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆሞ መጓዝ አለበት፤ ከደረሰም በኋላ ዘይቱ ወደ ቦታው እስኪመለስ ሳይነካ ማደር ይገባዋል። ይህን አስከብረናል። የአቅራቢው ባለሙያዎች በማግስቱ ውሃ ሞሉ፣ 20 ብለው አዘዙ፣ የመሣሪያው የቁጥር ማሳያ መስኮት ላይ 20.00 ሲታይ የርክክብ ሰነድ አስፈረሙና ሄዱ። ስለ ቅንብሩ አንድም ቃል አልተነገረንም። በስልክ ስጠይቃቸው በትሕትና መለሱልኝ፣ ያን አልክድም፤ ነገር ግን መልሳቸው ሁልጊዜ መመሪያ መጽሐፉ ላይ የተጻፈው ብቻ ነበር።

ያው መመሪያ መጽሐፍ ደግሞ መጨረሻው አካባቢ በደቃቅ ፊደል መሣሪያው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ድረስ ለመሥራት እንደተዘጋጀ ይናገራል። ይህ የአንድ አምራች ብቻ ጠባይ አይደለም፤ ለላቦራቶሪ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች የወጣው ዓለም አቀፍ የደኅንነት ደረጃ እንደ መደበኛ የሚወስደው ይህንኑ ከፍታ ነው። እኛ ያለነው 2,800 ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ ሌሎች ከመግዛታቸው በፊት አምራቹን በጽሑፍ ይጠይቁ፦ በዚህ ከፍታ መሣሪያው ይሠራል ወይ? ዋስትናውስ ይጸናል ወይ? እኛ ጠይቀን ይሠራል የሚል መልስ በጽሑፍ አግኝተናል፤ ወረቀቱም ፋይል ውስጥ ተቀምጧል።

ከፍታው በመጀመሪያ የሚነካው የላይኛውን የሙቀት ወሰን ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። በዚሁ በሰሜን ሸዋ፣ ጣርማ በርን ወርዶ ደብረ ሲናን ካለፉ በኋላ ሸዋ ሮቢት ላይ ቢሆን 96 ገደማ ይደርስ ነበር። መሣሪያው ግን የተሠራው ለዘይትም ጭምር ስለሆነ የመከላከያ ቴርሞስታቱ (ሙቀቱ ከወሰን ሲያልፍ መሣሪያውን የሚያጠፋው) ከ150 ዲግሪ በላይ ተደርጎ ነው የመጣው። ገንዳው ውስጥ ያለው ውሃ ሆኖ ሳለ ይህ ወሰን ምንም አይከላከልም፤ ውሃው ፈልቶ ያልቅና ማሞቂያው ባዶውን ይቀራል። በእርግጥ ፈሳሹ ሲጎድል የሚያጠፋ ተንሳፋፊ አለው። አንድ መከላከያ ብቻ መተማመኛ ይሆናል ብዬ ግን አላምንም።

ወሰኑን ማስተካከል ቀላል ነው። ከፊት ለፊት፣ ከማብሪያው ቁልፍ በታች ትንሽ ቀዳዳ አለች። ቀጭን ካቻቢቴ ይገባባትና ወደ ግራ ይዞራል፣ መስኮቱም አዲሱን ወሰን ያሳያል። 20 ዲግሪ ላይ ብቻ ስንሠራ 40 ላይ እናስቀምጠዋለን፤ ሙቅ ሥራ ሲኖር ከምንፈልገው ሙቀት 10 ዲግሪ ያህል ከፍ እናደርገዋለን፣ ከ80 ግን አናሳልፍም። በካቻቢቴ ብቻ እንዲስተካከል መደረጉ በጣም ደስ ያሰኘኛል። ይህ ቴርሞስታት ከዋናው መቆጣጠሪያ የተለየ የራሱ ሴንሰር ያለው፣ ዋናው ቢበላሽም የሚሠራ ነው፤ ማንም እግረ መንገዱን ጣቱን ሰንዝሮ ሊለውጠው አይገባም። መሥራቱን ማረጋገጥም ቀላል ነው። ወሰኑን ገንዳው ካለበት ሙቀት በታች ዝቅ ሲያደርጉት ወዲያው መጮኽና ማጥፋት አለበት።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። መስኮቱ ላይ 20.00 መታየቱ ናሙናው 20 ዲግሪ ላይ ነው ማለት አይደለም። ሴንሰሩ ያለው ገንዳው ውስጥ ነው፤ ናሙናው ያለው ግን ሁለት ሜትር ጎማ ተሻግሮ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ፣ ውጭው ውርጭ ሆኖ ሲያድር፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የክፍላችን ሙቀት ከ10 ዲግሪ በታች ይሆናል። ውሃው በጎማው ሲያልፍ ሙቀቱን ለክፍሉ እየሰጠ ይሄዳል። በቪስኮሜትሩ መያዣ ውስጥ ትክክለኛነቱ የተመረመረ ቴርሞሜትር ሳስገባ 19.6 አነበብኩ፤ የመሣሪያው መስኮት በዚያችው ደቂቃ 20.00 ይል ነበር። 0.4 ዲግሪ ማለት በቪስኮሲቲው ላይ አንድ በመቶ ያህል ስሕተት ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ክፍሉ 19 ሲደርስ ልዩነቱ ከሞላ ጎደል ይጠፋል። አንዱ ብቅል ጠዋት ሲለካ ወፍራም፣ ከሰዓት ሲለካ ቀጭን ይሆናል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚመርጠው አቋራጭ አለ። ቅንብሩ ውስጥ የሴንሰር ማረሚያ የሚባል ቦታ አለ፤ እዚያ 0.4 ብሎ መጻፍና መገላገል ይቻላል። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ማረሚያው የተሠራው የሴንሰሩን የራሱን ስሕተት ለማረም ነው፣ ጎማው ላይ የሚጠፋውን ሙቀት ለመሸፈን አይደለም። የሚጠፋው ሙቀት ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚለዋወጥ ጠዋት ያስተካከለው ቁጥር ከሰዓት በኋላ ያሳስተናል።

ትክክለኛው መንገድ ሦስት ነገር ይጠይቃል፣ ሦስቱንም አድርገናል። ጎማዎቹን አሳጠርናቸው፤ ለቀዝቃዛ ቱቦ በሚሸጠው ጥቁር ስፖንጅም ሸፈንናቸው። የፓምፑን ፍጥነት ከፋብሪካው መካከለኛ ደረጃ ወደ ከፍተኛው አንድ ደረጃ እስኪቀረው ድረስ ጨመርን፤ ውሃው ቶሎ ካለፈ ብዙ ሙቀት ሳያጣ ይደርሳልና። የመጨረሻውን ደረጃ የተውነው የቪስኮሜትሩ መስታወት ግፊቱን እንዳይጠላ ነው። ሦስተኛውና ዋናው፣ ለብቻው የገዛነውን ፒቲ 100 ሴንሰር (የኤሌክትሪክ መቋቋሙ ከሙቀት ጋር የሚለወጥ የፕላቲነም ሙቀት መለኪያ) ቪስኮሜትሩ አጠገብ አስገብተን፣ ቅንብሩን ከውስጥ ቁጥጥር ወደ ውጭ ቁጥጥር ቀየርነው። አሁን መሣሪያው የሚመራው በገንዳው ሙቀት ሳይሆን ናሙናው ባለበት ሙቀት ነው። ጠዋት ላይ ገንዳው 20.3 ወይም 20.4 ሆኖ ይታያል፣ የውጭው ሴንሰር 20.0 ላይ ይቆማል። ይህን ሳይ የተሰማኝ እርካታ አሁንም ከእኔ ጋር ነው።

ፒቲ 100 መልካም ጠባይ አለው፤ ጤንነቱን በተራ መልቲሜትር ማወቅ ይቻላል። በ0 ዲግሪ 100 ኦም፣ በ20 ዲግሪ 107.8 ኦም ያህል መሆን አለበት። የጥገና ባለሙያችን መጀመሪያ ሲለካው ከአንድ ኦም በላይ ትርፍ አሳየው። ትርፉ የሴንሰሩ አልነበረም፤ የመለኪያው ገመድና የማያያዣው ነበር። በአራት ሽቦ የሚያያዘውን ዓይነት ያስገዛን ይህ ነው፤ አራት ሽቦ ሲሆን የገመዱ መቋቋም ከንባቡ ይወጣል። ሴንሰሩን የምንመረምረው ከተጣራ ውሃ የተሠራ በረዶ አድቅቀን ከተጣራ ውሃ ጋር በማዋሐድ፣ ሴንሰሩንም እዚያ ውስጥ በመንከር ነው። በረዶ የሚቀልጥበት ሙቀት ደብረ ብርሃን ላይም ሸዋ ሮቢት ላይም 0 ዲግሪ ነው ማለት ይቻላል፤ የመፍላቱ ሙቀት ግን ከቦታ ቦታ፣ ከቀን ቀንም ይለያያል። በእኛ ከፍታ በፈላ ውሃ ቴርሞሜትር የሚያስተካክል ሰው ካለ ይተው።

የውጭ ቁጥጥር ሲጀመር ፒአይዲ የሚባሉት ቁጥሮች መለወጥ አለባቸው። የመጀመሪያው ቁጥር አሁን ባለው ልዩነት ልክ ኃይል ያዛል፤ ሁለተኛው ለረጅም ጊዜ የቆየን ትንሽ ልዩነት እያጠራቀመ ያርማል፤ ሦስተኛው ሙቀቱ የሚለወጥበትን ፍጥነት አይቶ ይገታል። የጣርማ በርን ቁልቁለት የሚወርድ ጥሩ ሾፌር ኩርባው ሳይደርስ ፍሬን እንደሚይዝ ሁሉ ሦስተኛው ቁጥር ሙቀቱ ከመድረሱ በፊት ኃይሉን ይቀንሳል። ሴንሰሩ ከገንዳው ሲርቅ ለውጡ ዘግይቶ ይደርሰዋል፤ በፋብሪካው ቁጥር ከሠራ ሙቀቱ 20.3 ይወጣል፣ 19.7 ይወርዳል፣ እንዲህ ሲዋዥቅ ይውላል። በእጅ መነካካት አያስፈልግም፤ ራሱን በራሱ የሚያስተካክልበት ትእዛዝ አለው። ቁም ነገሩ መቼ እንደሚታዘዝ ማወቅ ነው። ጎማው ሁሉ ተያይዞ፣ ቪስኮሜትሩ ቦታው ላይ ሆኖ፣ ፈሳሹ ሞልቶ፣ ሙቀቱም ዘወትር በምንሠራበት 20 አካባቢ ሆኖ ነው። ባዶ ገንዳ ላይ የተደረገ ማስተካከያ ዋጋ የለውም። የእኛው ጊዜ ወስዶ ጨረሰና መዋዠቁ ወደ 0.05 ወረደ። ጎማ በተቀየረ ቁጥር እንደግመዋለን።

ኮምፕሬሰሩ መቼ እንደሚሠራ የሚወስነው ቅንብር ሦስት ምርጫ አለው፦ ሁልጊዜ፣ በራሱ ፈቃድ፣ ወይም ፈጽሞ። ፋብሪካው በራሱ ፈቃድ እንዲሆን አድርጎ ይልከዋል። ለቁጠባ መልካም ነው። ይሁንና ልኬት መሐል ላይ ኮምፕሬሰሩ ድንገት ሲነሣ ሙቀቱ ትንሽ ይነቃነቃል። ስለዚህ በብርዳማ ጠዋት ፈጽሞ እናጠፋዋለን፤ ክፍሉ ራሱ ያቀዘቅዝልናል፣ ማሞቂያው ብቻ ይበቃል። ክፍሉ ሲሞቅና ፓምፑ የሚሰጠው ሙቀት ሲደመርበት ሁልጊዜ እንዲሠራ እናደርጋለን። የሳሳው አየር ኮምፕሬሰሩ ሙቀት የሚያስወጣበትን ፍርግርግ በሚገባ እንዳያበርደው እሠጋ ነበር፤ ብርዱ ጉድለቱን አካክሶታል። ሸዋ ሮቢት ላይ ይህን መሣሪያ የሚያስቀምጥ ሰው አየሩ ወፍራም ቢሆንለትም የክፍሉ ሙቀት ይፈትነዋልና ከዚህ ከፍ ያለ የማቀዝቀዝ አቅም ይግዛ።

መብራትን በተመለከተ አንድ ቅንብር ላይ ብቻ እቆማለሁ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ መሣሪያው ራሱ ሥራ ይቀጥል ወይስ ሰው ይጠብቅ? ከፋብሪካ ሲመጣ ሰው እንዲጠብቅ ተደርጎ ነው፤ እኛም ሌሊት እንደዚያው እንተወዋለን። ቀን፣ ሰው ባለበት፣ ራሱ እንዲቀጥል እናደርጋለን። ኮምፕሬሰሩ ከጠፋ በኋላ ግፊቱ እስኪመጣጠን ጥቂት ደቂቃ ሳያርፍ መነሣት የለበትም፤ መሣሪያው ይህን የሚጠብቅበት ማዘግያ አለው። የጥገና ባለሙያችን ግን በእሱ ብቻ አልረካም። «ልጄ፣ የተመለሰ መብራት እስኪረጋ አይታመንም» ብሎ ራሱ የሚዘገይ ስታብላይዘር (ቮልት የሚያረጋጋ መሣሪያ) ከፊቱ አስገባ። ስታብላይዘሩ ለማሞቂያውም ጠቅሟል። በ230 ቮልት 2,000 ዋት የሚሰጥ ማሞቂያ ቮልቱ ወደ 190 ሲወርድ የሚሰጠው 1,365 ዋት ብቻ ነው።

ይህ ቁጥር ደረጃ በደረጃ ለሚደረግ ማሞቅ ያስፈልጋል። ለብቅል ምርመራ የሚደረገው መደበኛ ብጥበጣ በ45 ዲግሪ ግማሽ ሰዓት ይቆያል፣ ከዚያ በየደቂቃው አንድ ዲግሪ እየጨመረ 70 ይደርሳል፣ እዚያ አንድ ሰዓት ይቆያል። መሣሪያው ይህን ፕሮግራም ይቀበላል። 12 ሊትር ውሃን በደቂቃ አንድ ዲግሪ ለማሞቅ 840 ዋት ያህል ስለሚበቃ ቮልቱ ቢወርድም ይወጣዋል፤ ሞክረነው ቀጥ ያለ መስመር ሠርቷል። መውረዱ ላይ ግን ተስፋ አይጣልበት። 12 ሊትር ውሃ ከ70 ወደ 20 በ300 ዋት ለማውረድ ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ሻጮች ስለ ማቀዝቀዝ ሲያወሩ ይህን ስሌት አያነሡም። ናሙናዎቹን አውጥተን በቧንቧ ውሃ ማቀዝቀዝ ይሻለናል፤ የደብረ ብርሃን ውሃ ለዚህ ከበቂ በላይ ነው።

ስለ ፈሳሹ አጭር ነገር ልበል። ለ20 ዲግሪ ሥራ የተጣራ ውሃ ይበቃል፤ ከ5 ዲግሪ በታች ግን መስኮቱ ገና 0 ባያሳይም የማቀዝቀዣው ቱቦ ላይ በረዶ ይይዛል፣ ስለዚህ ግላይኮል (ውሃው በረዶ እንዳይሆን የሚያደርግ ፈሳሽ) መጨመር አለበት። ምግብ ነክ ላቦራቶሪ ከሆነ ፕሮፒሊን ግላይኮል ይሁን። ከመኪና ዕቃ መደብር የሚገዛው ባለቀለም አንቲፍሪዝ አብዛኛው መርዛማው ኤቲሊን ግላይኮል ስለሆነ ገንዳው ውስጥ አይግባ። የብቅል ብናኝ ደግሞ የፊት ፍርግርጉን ይደፍናል። ወንፊቱ ያለ መሣሪያ ስለሚወጣ በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት የደቂቃ ሥራ ነው፤ ይህን ያሰበውን መሐንዲስ አመሰግናለሁ።

የማልወድለትም አለ። የውጭ ቁጥጥር ቅንብሩ ከምናሌው አራት ደረጃ ወደ ውስጥ ተቀብሯል፤ በየቀኑ የሚነካ ነገር እዚያ መቀበር አልነበረበትም። ማፍሰሻው ከኋላ ስለሆነ ውሃ ለመቀየር ከ40 ኪሎ በላይ የሚመዝነውን ሳጥን ከግድግዳው ማራቅ ያስፈልጋል። ቅንብሩን የሚቆልፍ ቁጥር አለው፤ የፋብሪካው ቁጥር ግን መመሪያው ላይ ለሁሉም ታትሟልና ወዲያው ይቀየር።

የግዥ ሰነድ የምታዘጋጁ ባልደረቦቼ፣ «ሰርኩሌተር፣ 12 ሊትር» ብላችሁ አትለፉ። የምትሠሩበትን ከፍታ፣ የክፍላችሁን ዝቅተኛና ከፍተኛ ሙቀት፣ ባለአራት ሽቦ የውጭ ፒቲ 100 ከነገመዱ፣ ከእናንተ መሣሪያ ጋር የሚገጥም የጎማ ማያያዣ፣ እንዲሁም የማቀዝቀዝ አቅሙን በምትሠሩበት ሙቀት ላይ በዋት ጻፉ። ርክክቡም ገንዳው ላይ በሚታየው ቁጥር ሳይሆን ናሙናው ቦታ ላይ በተመረመረ ቴርሞሜትር፣ ጠዋት በብርዱና ከሰዓት በኋላ ተለክቶ እንዲፈረም አድርጉ። የውጭ ሴንሰሩ እኛ ዘንድ ከዋናው ጨረታ ስለቀረ ለብቻው ተጠይቆ እስኪመጣ ብዙ ጠብቀናል።